ሰርዶ የለመነው ገበሬ

ባሌን እንየውን ኮምቦልቻ ሁሉ "ሰርዶ ለማኙ" ይለዋል። ይበሉት! ገበሬ ዕድሜውን ሙሉ ከማሳው ሲነቅለው የሚኖረውን ሣር እሱ በየደጁ እየዞረ ለመነ። ጎረቤታችን ሰይድ፣ "ወላሂ እንየው፣ አረም ለምኖ የሚወስድ ሰው ገና ዛሬ አየሁ!" እያለ ሥሩን ከነአፈሩ በአህያ ጭኖ ሰጠው።

የሚተክለው ካባው ላይ፣ ድንጋይ የወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጣሊያን ወደ ደሴ የሚወጣውን መንገድ ሲሠራ እርሻችንን ድንጋይ ማውጫ አደረገው፤ በድማሚት አፈራርሶ የፈለገውን ወሰደና ጠጠር ገረጋንቲውን አራቁቶልን ሄደ። ያኔ እንየውና ታናሽ ወንድሙ ስማቸው በገዛ መሬታቸው ላይ ድንጋይ ፈላጭ ሆነው ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን ናዳ ወረደ፤ በማግሥቱ ስማቸው የለም። የሥራው አለቃ "ሸሽቷል" አለ። አማቴ እማማ አባይነሽ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። "ልጄ አርበኞቹ ጋ ገብቷል" ብለው ከዚያን ቀን ጀምሮ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። የእሱን ቆሎ እንኳ ለብቻው ያስቀምጡለታል።

እንየው ግን ከዚያ ወዲህ ሰው አልሆነም። ቀትር ላይ፣ ማንም በሌለበት ካባ፣ "መዶሻ ይሰማሻል?" ይለኛል። እውነቱን ልናገር፣ አንዳንዴ እኔም ሰምቻለሁ። "ኧረ ተወኝ፣ ንፋስ ነው!" እለዋለሁ ፈርቼ። እሱ ሰርዶውን ይተክላል፤ በመሐል በመሐሉ ጓያ ይዘራል። ጓያ ክፉ መሬት አይንቅም፣ አፈሩንም ያለማል። ሲያፈራ "አንዲት እንዳትነኪ፤ እዚያው ረግፎ ራሱን ይዝራ" አለኝ። ሽሮ ከቤታችን ከጠፋ ስንት ጊዜው! ለማን ነው የሚዘራው? ለጅብ? ተናደድኩ።

እሱ ሰኞ ገበያ በወጣበት ቀን ወረድኩና ነቀልኩት። ጓያ መቼም ከነሥሩ ይነቀላል፤ እናቴም ያስተማረችኝ እንዲሁ ነው። አራተኛው ወይ አምስተኛው እቅፍ ላይ ሥሩ እምቢ አለኝ። ጎትቼ ሳወጣው ማተብ ተጠምጥሞበታል። እማማ አባይነሽ በእጃቸው የፈተሉት፣ ሦስት ቋጠሮ ያለው ጥቁር ማተብ። ከዚያ በታች ያየሁትን አልናገርም። አፈሩን በእጄ መለስኩና ሸሸሁ።

እንየው ሲመለስ ማተቡን አሳየሁት። መሬት ላይ ዘጭ አለ።

"ድጅኖዬን ገደሉ ሥር ረስቼ 'ሂድ አምጣልኝ' ያልኩት እኔ ነኝ" አለ። "ናዳው ሲወርድበት አየሁ። አለቃው መቆፈር ከለከለን፤ ጭራሽ ገረጋንቲ አስደፋበት። ራቁቱን ነው፣ ሸዋረጋ። ላልብሰው ብዬ ነው። ለእማዬ እንዳትነግሪ፣ በሞቴ!"

ማልኩለት። የነቀልኩትንም ጓያ እያለቀስኩ ፈልፍዬ መልሼ ዘራሁ።

በመጪው መስከረም ካባው አረንጓዴ ሆነ። እማማ አባይነሽ "እስቲ ልየው" ብለው በትራቸውን ተመርኩዘው ከእኛ ጋር ወረዱ። ያ ሁሉ ቦታ እያለ እዚያችው ላይ ተቀመጡ። ሣሩን እየዳበሱ፣ "ስማቸው ሲመጣ እድረዋለሁ፤ ጎጆውን እዚህ ይቀልሳል" አሉ።

እንየው ፊቱን አዞረ። እኔ አልቻልኩም። መሐላዬን አፈረስኩ፤ ማተቡን ከመቀነቴ ፈትቼ መዳፋቸው ላይ አኖርኩት።

ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። "የት ነው?" አሉ።

"ከእርስዎ ሥር ነው፣ እማማ።"

ሣሩን መልሰው ዳበሱት። "እንየው ሰርዶ የለመነው እሱን ሊያለብስ ነው?" ብለው ጠየቁ።

"አዎ፣ እማማ።"

"ደግ አደረግህ ልጄ። ተባረክ" አሉት። ከዚያ ነጠላቸውን አገልድመው ሁለት ዓመት ሙሉ የያዙትን ለቅሶ ለቀቁት። ሰይድ እንኳ ከቤቱ ሰምቶ እየሮጠ መጣ።

እሳቸው አልቅሰው ወጣላቸው፤ አሁን ደጃፍ ላይ አይቀመጡም። እንየው ግን የድጅኖውን ነገር እስከ ዛሬ አልነገራቸውም። መዶሻው ቀትር ላይ አሁንም ይሰማዋል።