የመርሻ ባቡርና የጎይቲ ጌጥ

ጂንካ ውስጥ ሰዓት ጠጋኙን መርሻን ሞኝ ይሉታል። ሱቄና ሱቁ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ አውቀዋለሁ፣ ሞኝ አይደለም። ሞኝ የሚሉትን ግን ገና ሳስባቸው ያንገሸግሹኛል።

መርሻ ድሬዳዋ ያደገ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው። ጂንካ የነበሩት የውጭ ሚሲዮኖች አገር ለቀው ሲሄዱ ጥለውት ከሄዱት ኮተት መሀል በቁልፍ የሚሞላ የቆርቆሮ ባቡር ከነሐዲዱ አገኘ። የልጅ መጫወቻ ነው። ዳሩ ዙሪያዋን ጥርስ ያላት አንዲት ትንሽ የነሐስ ክብ ስለጎደለችው አይሄድም። ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ሌላ ወሬ የለውም። አርባ ምንጭ ለሚሄድ ሾፌር ሁሉ የክቧን ሥዕል ያስይዛል፤ ሾፌሮቹም የመኪና ዕቃ ይዘውለት ይመጣሉ። የሞተ የጠረጴዛ ሰዓት ይፈታል፤ የአንዱ ትሰፋለች፣ የአንዱ ትጠባለች።

በመጨረሻ ያገኛት ቀይ አፈር ከምትባለው ከተማ ገበያ ነው። ጎይቲ የምትባል ቅቤ ሻጭ የበና ብሔረሰብ ሴት ከዶቃዋ መሀል ሰክታ አንገቷ ላይ አድርጋታለች። የበና ሴቶች የሚያብረቀርቅ ነገር ካገኙ ጌጥ ከማድረግ አይመለሱም። መርሻ በምትኳ ጨርቅ ልስጥሽ አላት፤ እምቢ አለች።

«ምን ታደርጋታለህ?»

«ባቡር የሚባል ነገር አለኝ። እሷን ሳስገባበት ይሄዳል።»

«ሰው ሳይገፋው?»

«ሳይገፋው።»

ጎይቲ ክሩን ፈታች። «እንካ። ግን ሲሄድ ዓይኔ ይየው» አለችው። መርሻ ማለላት።

ነሐሷ ልክክ አለች። ወሬው የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በዓል ለሚያዘጋጀው ኮሚቴ ደረሰና ሰብሳቢው ጓድ ታደለ «ለሰፊው ሕዝብ ይታይ» ብሎ ባቡሩን አዳራሽ አስገባው። መርሻ ደስ ብሎት ለጎይቲ በበዓሉ ቀን ነይ ብሎ ላከባት። ከቀይ አፈር ጂንካ ድረስ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ መጣች፤ ቆዳዋን ለብሳ፣ ጸጉሯን በቀይ አፈርና በቅቤ አዲስ ተቀብታ፣ ለክብር እንደሚደረገው።

ጥበቃው በር ላይ አገዳት። «ልብስ ለብሰሽ ነይ! ቅቤሽ ወንበር ያበላሻል።»

መርሻ ከውስጥ ሮጦ ወጥቶ ለመነ። ጓድ ታደለ አፍንጫውን ይዞ «እንግዶች አሉብን፣ አታዋርደን» አለው። ከጀርባው ግድግዳው ላይ ቆዳ የለበሰች፣ ጸጉሯን የተቀባች ሴት ሥዕል ተሰቅሏል፤ ከሥሩ «ብሔረሰቦች ሁሉ እኩል ናቸው» ይላል። ሥዕሏ ወንበር አታበላሽም መሰለኝ! እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ። ጎይቲ በመጣችበት መንገድ ተመለሰች። አዳራሹ ውስጥ ባቡሩ ዞረ፣ ተጨበጨበ።

በሚቀጥለው ሐሙስ መርሻ ባቡሩን በጆንያ ይዞ ቀይ አፈር ገበያ ሄደ፤ እኔም ጨው ልሸጥ አብሬው ነበርኩ። በጎይቲ የቅቤ ቅሎች መሀል ቁርበት አንጥፎ ሐዲዱን ዘረጋና ቁልፉን ሞላ። ባቡሩ እየተንኳኳ ዞረ። ጎይቲ እስኪቆም ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።

«ከበር የመለሱኝ ይህን እንዳላይ ነው?»

«አዎ» አለ መርሻ፤ ቀና ብሎ አላያትም።

እጇን ዘረጋች። «ጌጤን መልስ።»

«ይኸው አየሽ አይደል እንዴ?» አልኳት እኔ።

«አየሁ» አለች። «ጌጤ አዳራሽ ገባች፣ እኔ ውጭ ቀረሁ። አምጣት።»

መርሻ መፍቻውን ከኪሱ አወጣ።