«ቴክ» እና ለሲስተር የተላከው ሽምግልና

ከመምህራን ማሰልጠኛ በወጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ ቀን ቀን ኮልፌ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ልጆች አስተምር ነበር፤ ከሥራ መውጫ በኋላ ደግሞ በዚያው ክፍል ትልልቅ ሰዎችን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ትልልቆቹ የሚቀመጡት በልጆቹ ዴስክ ላይ ስለሆነ ጉልበታቸው ከሥር አይገባላቸውም፤ ወደ ጎን ዞረው፣ አንድ እግራቸውን መተላለፊያው ላይ ዘርግተው ይጽፋሉ። ከጥቁር ሰሌዳው በላይ የጃንሆይ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ከፎቶግራፉ ሥር እኔ ቆሜያለሁ፤ ሸሚዜን ተኩሼ፣ ጠመኔዬን በመልክ በመልኩ ደርድሬ፣ የማውቀውን ሁሉ በአንድ ዓመት አስተምሬ ልጨርስ የተነሳሁ።

ማስረዳት እወድ ነበር፤ አሁንም እወዳለሁ። የመማሪያ መጽሐፉ አንዱን የእንግሊዝኛ ቃል ከአንድ የአማርኛ ቃል ጋር አጣምሮ ያልፋል። ይህ ለእኔ አይበቃኝም። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ተራ ቃል እመርጥና ሰሌዳው መሃል ክብ ሠርቼ እጽፈዋለሁ፤ ከዚያ ዙሪያውን ቅርንጫፍ አወጣለታለሁ። አንድ ሳምንት ተራው የ«ቴክ» ሆነ።

«‹ቴክ› መውሰድ ነው» ብዬ ጀመርኩ። «መጽሐፍ መውሰድ፣ ልጅን ትምህርት ቤት መውሰድ። እስከዚህ ድረስ ከእንግሊዞቹ ጋር አንድ ነን። ከዚህ በኋላ እንለያያለን። እኛ አውቶቡስ እንሳፈራለን፤ እነሱ አውቶቡሱን ይወስዱታል። እኛ ፎቶግራፍ እናነሳለን፤ እነሱ ይወስዳሉ። መድኃኒት እንውጣለን፣ ትኩሳት እንለካለን፣ ምክር እንሰማለን፤ እነሱ ሁሉንም ይወስዳሉ። እንግዳ ሲመጣ ‹ወንበር ውሰድ› ይሉታል፤ እንግዳው ይቀመጣል እንጂ ወንበሩ ካለበት አይነቃነቅም። ሥራ ሲሰጡን እኛ እንቀበላለን፤ እነሱ ግን…»

«ይወስዳሉ!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

ፊት ዴስክ ላይ የሚቀመጥ፣ መርፌውን ኮሌታው ላይ ሰክቶ የሚመጣ ልብስ ሰፊ ነበር። እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ እነዚህ ሰዎች ከዚህ ሌላ ግስ የላቸውም?»

«ሞልቷቸዋል። ይሄን ግን ይወዱታል።»

«ይወዱታላ! ያን ሁሉ የሰው አገር በምን ወሰዱት ታዲያ?»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ከጎኑ የሚቀመጡት ጡረተኛ ፖሊስ፣ ሁላችንም «ባሻ» የምንላቸው፣ በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። «ዝም በል አንተ፣ ቅርንጫፉ ሳይጠፋ ልገልብጥበት።»

አንዲት ሴት ብቻ አልሳቀችም፤ ትጽፋለች። ከእኔ ጥቂት ዓመት ትበልጣለች፤ ክፍሉ ሁሉ «እትዬ» ይላታል፣ እኔም እንደዚያው። ወላጆቿ ከደቡብ ምዕራብ መጥተው ኮልፌ ገበያ ጫፍ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ናቸው። ሱቁ ለወንድሞቿ ሲያልፍ፣ እሷ ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ የውጭ አገር ሚሲዮኖች ክሊኒክ በጽዳት ተቀጠረች። ቤት ውስጥ ጉራጊኛ፣ ሱቅ ውስጥ አማርኛና ኦሮምኛ ስትናገር ነው ያደገችው። ከገጠር የመጣ በሽተኛ ክሊኒኩን ከምትመራው ፈረንጅ ሲስተር ጋር አልግባባ ሲል እሷን ይጠሯታል። መወልወያዋን ግድግዳ ታስደግፍና ታስተረጉማለች፤ ከዚያ ተመልሳ ወለሏን ትይዛለች።

«ወለሉን ሳጥብ» አለችኝ አንድ ቀን፣ «ያንን ቁስል ባጠብኩት እላለሁ በልቤ።»

አሁን ዕድሉ መጥቶ ነበር። ቁስል አጣቢዋ አግብታ ስለለቀቀች ሲስተሯ በቦታዋ ሰው ትፈልጋለች፤ እትዬንም በእንግሊዝኛ ልትፈትናት ቀን ሰጥታታለች። ከክፍል በኋላ እየቀረን ተለማመድን። እኔ ሲስተር ሆኜ እጠይቃለሁ፣ እሷ ትመልሳለች። ልብስ ሰፊው በሽተኛ ሆኖ ያቃስታል፤ ትኩሳቱን በእርሳስ እንለካለታለን።

ፈተናው በተደረገበት ቀን ገና በር ላይ ስትታይ ፊቷ ያበራ ነበር።

«በይ ንገሪና!» አለ ልብስ ሰፊው።

«የመድኃኒቱን ጽሑፍ አነበብኩላት። ትኩሳትም ለካሁ። በመጨረሻ ‹ሥራውን ትወስጂዋለሽ?› አለችኝ።»

«እሺ?»

«‹ኖ ሲስተር፣ ከእኔ የሚሻሉ ሞልተዋል› አልኳት።»

«ደግ አደረግሽ!» አሉ ባሻ። «ጨዋ እንዲህ ነው። ገና ሲዘረጉለት የሚነጥቅ ሰው ደስ አይልም።»

ሁሉም ተስማማ። እኔም ተስማማሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፤ ቃሉን አልሳተችም። ሲስተሯ ምን እንደጠየቀቻት ጥርት አድርጋ አውቃለች። የመለሰችው ማናችንም የምንመልሰውን ነው። እኛ ዘንድ የተሰጠ ነገር መጀመሪያ ይገፋል፤ ሰጪው «በሞቴ» ይላል፤ እንደገና ይገፋል፤ ሰጪው ይቆጣል፤ ያኔ በሁለት እጅ ይቀበሉታል። እትዬ የመጀመሪያውን ገፍታ፣ የሲስተሯን «በሞቴ» ልትጠብቅ ነው የመጣችው።

በሚቀጥለው ሳምንት ስትመጣ ዴስኳ ላይ ደብተሯን አላወጣችም።

«ሲስተር ሰኞ ‹ጉድ ሞርኒንግ› አለችኝ። ማክሰኞም ‹ጉድ ሞርኒንግ›። ስለ ሥራው ትንፍሽ የለም። ዛሬ የክሊኒኩ ዘበኛ ምን አለኝ መሰላችሁ? ከተማ ካለ ሆስፒታል ሰው ላኩልኝ ብላለች።» ድምጿ ተሰበረ። «ቲቸር፣ አንዴ ጠይቆ ዝም ይባላል? ሰው እንዴት ‹እባክሽ› አይልም?»

ያኔ ነገሩ ገባኝ። ማሰልጠኛ ሳለን አንድ የውጭ አገር መምህር ቤቱ ጠርቶን ብስኩት በሰሃን አዙሮ ነበር። እኔ «ይቅርብኝ» አልኩ። ሰሃኑ አለፈኝ፤ አልተመለሰም። ይህንን ነገርኳቸውና ማብራሪያዬን ቀጠልኩ፦ እነሱ አንዴ ይጠይቃሉ፤ ሰው የመለሰው ቃል የልቡ ነው ብለው ያምናሉ፤ ደግሞ መጠየቅ ሰውን ማስጨነቅ ይመስላቸዋል።

«ታዲያ ይሄ ከቅርንጫፎቹ መሃል የት ነበር?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ይሄ የቃሉ አይደለም፤ የሰዎቹ ነው» አልኩት። ወደ እትዬ ዞርኩ። «ቀላል ነው። ነገ ገብተሽ ‹ሥራውን እፈልገዋለሁ› በያት።»

አየችኝ፤ አስተያየቷ ቀላል አለመሆኑን ነገረኝ። «ራሴ የገፋሁትን ራሴ ልለምን? በየት በኩል ዓይኗን አያታለሁ?»

ባሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሽማግሌ ይላካል» አሉ።

«ባሻ! ሠርግ አደረጉት እኮ!» አለ ልብስ ሰፊው።

«ሽማግሌ ለሠርግ ብቻ ነው ያለህ ማነው? ቃል ሲበላሽ የሚያቃናው ማን ነው?»

ሲስተሯ አይገባትም ብዬ ተከራከርኩ። ማንም አልሰማኝም። ባሻ ቀዳሚ ተናጋሪ፣ ልብስ ሰፊው ሁለተኛ፣ እኔ አስተርጓሚ ተብሎ ተወሰነ። እትዬ አትሂዱም ሂዱም አላለችም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። ባሻ ይህንን እሺታ ብለው ተረጎሙት።

ቅዳሜ ጠዋት ጭቃውን እየዘለልን ሄድን። ባሻ የፖሊስ ካፖርታቸውን ለብሰዋል፤ ልብስ ሰፊው ራሱ የሰፋውን ኮት። ሲስተሯ ሦስት ወንዶች ቢሮዋ በር ላይ ተደርድረው ስታይ ከወንበሯ ተነሳች። ቀጭን፣ ፊቷ በፀሐይ የቀላ ሴት ናት። ተቀመጡ አለችን።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም በላት» አሉ ባሻ።

ተረጎምኩላት። ይበልጥ ቀላች። «ፖሊስ ናቸው? ክስ አለ?»

«የለም፣ የለም» አልኩ። ባሻ ግን ጀምረዋል፤ ስለ እትዬ አባት ጨዋነት፣ ስለ ሰፈሩ ሰላም፣ በክሊኒኩ ስለዳኑ ሰዎች። አንድ በአንድ ስተረጉም ሲስተሯ ሰዓቷን አየች። አላስቻለኝም፤ ያላዘዙኝን ጨመርኩ። እዚህ አገር የተሰጠ ነገር መጀመሪያ እንደሚገፋ፣ መግፋቱ ለሰጪው ክብር እንደሆነ፣ የእትዬም «ኖ» እንዲያ ያለ እንደነበር ማስተማሪያ ክፍል ውስጥ ያለሁ ያህል በጣቶቼ እየቆጠርኩ አስረዳኋት።

ሲስተሯ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «እኔኮ ቁስል የምትጸየፍ መስሎኝ ነው» አለች። «ደግሜ ብጠይቃት አለቃዋ ስለሆንኩ ፈርታ እሺ ትላለች ብዬ ተውኩት። መወልወያ ይዛ ባየኋት ቁጥር ይከፋኝ ነበር።»

ይህንን ስተረጉም ባሻ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዝም ማለቷም የእሷ ጨዋነት ነበር።

«ግን ከሆስፒታሉ ሰው ጠይቄያለሁ» አለች ሲስተሯ። «ልተወው የምችለው ከሦስት ወንዶች ሰምቼ አይደለም። ከራሷ ልስማ።»

ተጠራች። እጇ እርጥብ እንደሆነ መጣች፤ እኛን ስታይ በሩ ላይ ቆመች። ሲስተሯ ጥያቄውን ደገመችው፤ በዝግታ፣ ፊት ለፊት እያየቻት።

እትዬ ወለሉን አየች። የተሰጣትን ስትገፋ ያደገች ሰው ናት፤ ያ የለመደችው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ከንፈሯ ሲነቃነቅ አየሁ። ባሻ በሹክሹክታ «በይ እንጂ ልጄ» አሏት።

«ዬስ» አለች። በጣም ጮኸችው፤ ራሷም ደነገጠች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዬስ ሲስተር። እፈልጋለሁ» አለች፤ ግማሹ በአማርኛ ወጣ።

ሲስተሯ ሳቀች። ለአንድ ወር እንደምትሞክራት፣ ለሆስፒታሉም ዛሬውኑ ሰው አልፈልግም ብላ እንደምትልክ ተናገረች። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ እያመለከተች እጅሽን ታጠቢ አለቻት። ልተረጉም አፌን ስከፍት እትዬ ሄዳለች።

አግዳሚው ላይ ከቀራንዮ ማዶ የመጡ አንድ ሽማግሌ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ጨርቁ ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል። ሲስተሯ ቀደም ብላ ልታነሳው ስትሞክር ጮኸው ነበር። እትዬ ፊታቸው ተንበረከከች፤ በኦሮምኛ እያወራቻቸው ጨርቁን በሞቀ ውኃ ደጋግማ አራሰችው። የሚጎትት እጅ እየጠበቁ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እሷ አልጎተተችም፤ ዳሩን በጣቷ እየሞከረች ጠበቀች። ጨርቁ ለቀቀ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ሲከፍቱ እሷ ቁስሉን ማጠብ ጀምራለች።