ከሐረጎ ቁልቁል

ደሴ ውስጥ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ ከባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ስለምውል መሮጥ የጀመርኩት ወገቤን ለማፍታታት ነበር። ብቻዬን ብዙ አልቆየሁም። መጀመሪያ አብሮ አደጌ መጣ። አራዳ ላይ ከአባቱ የተረከበው የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለው፤ ቅድመ አያቱ ከየመን ለንግድ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ቀጥሎ ከእኔ ጋር አንድ ግቢ የተከራየች የሂሳብ አስተማሪ ተጨመረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስታችን ጦሳ ተራራን ወጥተን እንወርዳለን። ነጋዴው ሁልጊዜ አንደኛ ነው፣ እኔ ሁለተኛ፣ እሷ ሦስተኛ። እሷ አትፈጥንም፣ ግን ቆማም አታውቅም።

ውድድሩን ያመጣው ነጋዴው ነው። ከደሴ ተነስተን፣ የሐረጎን ተራራ በእግር መንገድ ተሻግረን፣ ኮምቦልቻ እንግባ አለ። አስፋልቱን ማቋረጥ እንጂ በላዩ መሮጥ አይፈቀድም። ማብቂያው ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ያለ ጭማቂ ቤት ይሁን ተባለ፤ ቀድሞ የገባ ምሳ ይመርጣል። እሱ ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያን ስለሆንን ሥጋ አብረን አንበላም፤ ስለዚህ ሽልማቱ ሽሮ ወይ ዓሣ ብሎ ከማዘዝ አያልፍም ነበር። እንዲያም ሆኖ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረንም።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ተነሳን። ጉሙ ገና ከተማው ላይ ተኝቶ ነበር። ዳገቱን ስንጀምር ነጋዴው እንደ ልማዱ ተስፈንጥሮ ጠፋ። አስተማሪዋ ከኋላዬ ቀረች፤ ትንፋሿን ለጥቂት ጊዜ ሰማሁት፣ በኋላ እሱም ራቀ። ጥዱ ውስጥ ስገባ ብቻዬን ነበርኩ። አናቱ ላይ ጉሙ ተገፈፈና የኮምቦልቻ ሜዳ ከነፋብሪካዎቹ ጣራ ከታች ታየኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። ክረምቱ መንገዱን አጥቦት ድንጋዩ ከእግር ሥር ይንከባለላል። ከታች የጭነት መኪናዎች ማርሽ ሲቀንሱ ይሰማል።

አስፋልቱን ለሁለተኛ ጊዜ አቋርጬ ከባህር ዛፎቹ ሥር ስወጣ ነጋዴውን አየሁት። ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የቀኝ እግሩ ጫማ ወልቆ አጠገቡ ተቀምጧል፤ ቁርጭምጭሚቱን በሁለት እጁ ይዟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ጫማዬን ላስር ነው፤ እለፍ" አለኝ።

ያንን ፊት በየቀኑ ባንኮኒዬ ላይ አየዋለሁ። ማስታገሻ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ፊት ነው። የወለቀ ጫማም አይታሰርም። ደግሞ ይህ ሰው ስለ ጨርቅ ቀለም እንኳ ሲያወራ ወላሂ ሳይል ንግግር አይጨርስም፤ ያን ጊዜ ግን አልማለም። ይህን ሁሉ አስተዋልኩ። ሦስት አራት እርምጃ ያህል ፍጥነቴን ቀነስኩ፤ ከዚያ ፊት ለፊቴ ማንም እንደሌለ ትዝ አለኝ። አለፍኩት።

የቀረውን መንገድ እንዴት እንደሮጥኩ ለመናገር አላፍርም፤ በደስታ ነው የሮጥኩት። እግሬ ቀሎኝ ነበር። ጭማቂ ቤቱ ስደርስ ባለቤቷ በረንዳውን እየጠረገች ነበር። አንደኛ መውጣቴን ነገርኳት። ከስንት ሰው እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ከሦስት አልኳት። ፓፓያ አዝዤ ተቀመጥኩ።

ግማሽ ሰዓት አለፈ። የነጋዴው ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም። የአስተማሪዋ ዝግ ነው። ተመልሼ ልውጣ ብዬ ሁለቴ ተነሳሁ፤ ሁለቴም በሌላ መንገድ ቢመጡስ ብዬ ተቀመጥኩ። ሰዓት ሊሞላ ሲል አስተማሪዋ ደወለች። ኮምቦልቻ ክሊኒክ ውስጥ ነን፣ ና፣ አለችኝና ዘጋችው።

የሆነውን ኮሪደር ላይ ነገረችኝ። እሷ ስትደርስ እግሩ አብጦ ነበር። ለእሷም ጫማዬን ላስር ነው ብሏት ነበር፤ እሷ ግን ጫማውን አንስታ ያዘችው። በበቅሎ እህል ጭነው ወደ ገበያ የሚወርዱ ሽማግሌ ገበሬ አገኘች። ሽማግሌው ጭነታቸውን መንገድ ዳር አውርደው ነጋዴውን በቅሎዋ ላይ አወጡት። "አብሽር ልጄ፣ እህሉን ማንም አይነካውም" እያሉ አስፋልቱ ድረስ አደረሱት። ከዚያ እሷንና ነጋዴውን አንድ አይሱዙ ጫናቸው።

ይህን ነግራኝ ስታበቃ፣ "ስታልፈው ጫማው ወልቆ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ወልቆ ነበር" አልኳት።

ነጋዴው ወዳለበት ክፍል ገብታ አጠገቡ ተቀመጠች።

አጥንቱ ተሰንጥቆ ነበር፤ በጀሶ ታሰረ። ከክሊኒኩ ስንወጣ ነጋዴው ውል ውል ነው፣ አሸናፊው ምሳ ይምረጥ፣ አለ። ዓሣ አልኩ። እሱ በደንብ በላ። እኔ አልበላልኝም።

እግሩ እስኪጠገን ድረስ ማታ ማታ ከሥራ ስወጣ ሱቁ እየሄድኩ ከላይኛው መደርደሪያ ጣቃ አወርድለት ነበር። እሱ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ከደንበኛ ጋር ይከራከራል። አንድ ቀን ሰው ሲቀንስ፣ ያኔ እግርህ መጎዳቱን አውቄ ነው ያለፍኩህ፣ አልኩት። ጣቃ እየጠቀለለ ነበር፤ መጠቅለሉን አላቆመም።

"ማወቅህንማ አውቄያለሁ" አለኝ። "እኔም ብሆን አልቆምልህም ነበር። ወላሂ አልቆምም።"

በዚህ መሐላ ልጽናና ሞከርኩ። እሱ እውነቱን ይሁን ወይ ሊያቀልልኝ ብሎ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ቢሆንም እሱ ቆመም አልቆመም፣ ያ የእሱ ነው፤ እኔ ግን አለመቆሜ የታወቀ ነው። ይህንን ለእሱ አልነገርኩትም፤ ደንበኛ ገባና ወደ መደርደሪያው ሄድኩ።

በዓመቱ ጥቅምት ላይ እንደገና ሮጥን። የአስተማሪዋ ሁለት የሥራ ባልደረቦች ተጨምረው አምስት ሆንን። ከመነሳታችን በፊት አስተማሪዋ አንድ ደንብ እንዲጨመር ጠየቀች፤ የተቀመጠ ሰው ያየ ሁሉ ይቁም፣ የተቀመጠው ምንም ቢል። ነጋዴው እንዲህ ከሆነማ ውድድር መሆኑ ቀረ ብሎ ትንሽ አጉረመረመ፣ ከዚያ ተስማማ። አስተማሪዋ ደንቡን ስትናገር ወደ እኔ አላየችም።

የዚያን ቀን ማንም አልተቀመጠም። ነጋዴው አንደኛ ወጣ፣ ሽሮም አዘዘ። ከአዲሶቹ አንዱ ሁለተኛ ሆነ፣ እኔ ሦስተኛ። አስተማሪዋ መጨረሻ ገባች፣ ፊቷን ታጥባ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ውሃ አቀብለኝ አለችኝ፤ አቀበልኳት።