የዶልፊኑ ወርች

አባባ ጎንደር ሳሉ ብልት አውጪ ነበሩ። ሠርግም ሆነ በዓል፣ በሬውን ወይም በጉን አርደው፣ ገፈው፣ እያንዳንዱን ብልት ከመጋጠሚያው የሚለያዩት እሳቸው ናቸው። መጥረቢያ ሲያነሱ አይቼ አላውቅም። እስራኤል፣ አሽዶድ ከተማ ከመጣን በኋላ ግን አድ ሃሎም በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ካለ አንድ መጋዘን ካርቶን ሲደረድሩ ኖሩና፣ ወገባቸው እምቢ ሲላቸው ጡረታ ወጡ። የምንኖረው ሮቫ ቤት በሚባል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው መንገዱን ሲመለከቱ ይውሉ ነበር።

እኔ ያኔ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ነኝ። ለባግሩት፣ በኛ አነጋገር ለማትሪክ፣ ከመረጥኳቸው ትምህርቶች አንዱ ባዮሎጂ ነበር። አስተማሪያችን ከሩሲያ የመጣች ቀጭን ሴት ነበረች፤ ዕብራይስጡ ለወላጆቻችን እንደሚከብዳቸው ለእሷም ይከብዳታል። አንድ ቀን የሰው እጅ፣ የዶሮ ክንፍና የሌሊት ወፍ ክንፍ ሥዕል ሰሌዳው ላይ ለጠፈችና፣ "እነዚህ ሁሉ አንድ ናቸው" አለች። ከላይ አንድ አጥንት፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ ጠጠር የመሰሉ ትንንሾች፣ መጨረሻ ላይ ጣቶች። ቀና ብዬ ባይም ለኔ ሦስቱም ለየቅል ነበሩ። እሷ ግን ለእያንዳንዳችን የቤት ሥራ ሰጠችን፦ የአንድ እንስሳ የፊት እግር ቀቅሎ፣ አጥንቱን አጽድቶ፣ በየቦታው ካርቶን ላይ አጣብቆ ማምጣት።

ከሰፈሩ ሥጋ ቤት የበግ ወርች ከነሰኮናው ለምኜ አመጣሁና ቀቀልኩት። አጥንቱ ሲለቅ ሁሉም ጠረጴዛው ላይ ተበተነ፤ የቱ ከየት እንደሆነ ጠፋኝ። አባባ ሽታው ጠርቷቸው ከበረንዳ ገቡ።

"ምንድን ነው የምትሠሪው?"

"የትምህርት ቤት ሥራ ነው፣ አባባ።"

"ሥጋውንስ ማን ሊበላው ነው?"

"እርስዎ።"

ፈገግ ብለው እጃቸውን ታጠቡና አጠገቤ ተቀመጡ። አጥንቶቹን አንድ በአንድ እያነሱ፣ በጣታቸው እየዳበሱ፣ ቦታ ቦታቸው አስቀመጧቸው። አንድም ጊዜ ተሳስተው አላነሱም። ረጅሙን የታችኛውን አጥንት ሰጡኝና፣ "መሐሉን ዳብሺው፤ መስመር አለው" አሉኝ። እውነትም ቀጭን መስመር ነበረው። መጽሐፉን ስገልጥ፣ ሁለት አጥንቶች ተጣብቀው አንድ የሆኑበት ቦታ ነው ይላል።

"ጉልበቱስ የቱ ነው?" አልኳቸው።

ጠጠር የመሰሉትን አሳዩኝ።

"መጽሐፉ ግን ጉልበት አይደለም ይላል፣ አባባ። የእጅ አንጓ ነው።"

አባባ የራሳቸውን እጅ ጠረጴዛው ላይ በጣቶቻቸው ጫፍ አቆሙትና አንጓቸውን አጠፍ ዘርጋ አደረጉት። ደጋግመው አደረጉት።

"እንግዲያ በግ የሚሄደው በጣቱ ጫፍ ነው?"

"በሁለት ጣቱ። ሰኮናው ጥፍር ነው።"

"ዕድሜ ልኬን ሳርድ ይሄን የነገረኝ የለም" አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ይጠብቁኝ ጀመር። ዛሬ ምን ተማራችሁ ይላሉ፤ እኔም መጽሐፉን ገልጬ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብላቸዋለሁ። እንስሳት ሁሉ ከጥንት ከአንድ ወላጅ የመጡ ናቸው ከሚለው ገጽ ስደርስ ግን ፈራሁ። ሰንበት የሚያከብሩ፣ ጸሎት የማያጓድሉ ሰው ናቸው። አንብቤ ስጨርስ ጥቂት አሰቡና፣ "አስተማሪሽ አጥንቱን በደንብ አይታለች። የቀረውን ከሷ ጋር ስንገናኝ እንነጋገርበታለን" አሉኝ።

የተገናኙት በዚያው ዓመት፣ ብርዱና ዝናቡ በመጣ ጊዜ ነው። ከኃይለኛ ማዕበል በኋላ የጀልባ ማቆሚያው ማሪና አቅራቢያ፣ አሸዋው ላይ፣ የሞተ ዶልፊን ተጥሎ ተገኘ። አስተማሪያችን ክፍሉን ይዛ ልትሄድ እንደሆነ ስነግራቸው አባባ ኮታቸውን ለበሱ፣ ጃንጥላቸውን ያዙና ተከተሉኝ።

ስንደርስ ቦት ጫማ ያደረገ ተመራማሪ ተንበርክኮ የዶልፊኑን የጎን ክንፍ፣ መቅዘፊያውን፣ ለመቁረጥ ይታገላል። ቢላዋው አጥንት ላይ ይንቋቋል።

"ምን ሊያደርግ ነው?" አሉኝ አባባ በዝግታ።

"ቆርጦ ሊወስደው ነው።"

"ታዲያ ምን አጥንቱን ያስመታዋል? መጋጠሚያው እዚያ አይደለም።"

አስተማሪዬ ሰማችና፣ "ምን አሉ?" አለችኝ። አፍሬ ነበር፤ ግን ተረጎምኩላት። ሰውየው ቀና አለና ላቡን ጠረገ። "ያሳዩኝ እስቲ" አለ።

አባባ በድን አይነኩም፤ በኦሪት ሕጋችን በድን የነካ ሰው እስኪመሽ ርኩስ ነው። ስለዚህ በጃንጥላቸው ጫፍ፣ ከተቆረጠው ቦታ አራት ጣት ያህል ከፍ አድርገው አመለከቱት። "እዚህ ጋ። ከኋላ ይግባ፤ ቢላዋውንም ያጋድመው በዪው።"

ተረጎምኩለት። ሰውየው አጋደመው። ቢላዋው አጥንት ሳይነካ ገባ፤ መቅዘፊያው እጁ ላይ ቀረ።

"ከዚህ በፊት ዶልፊን አርደው ያውቃሉ?" አላቸው።

"ዛሬ ገና ማየቴ ነው" አሉ አባባ። "ግን ወርች ነው። ወርች የሚለቀው እዚህ ነው።"

ሰውየው ቆዳውን ገልጦ አሳየን። አጭር ወፍራም አጥንት፤ ቀጥሎ ሁለት፤ ቀጥሎ ጠጠሮቹ፤ ከዚያ ጣቶች። አባባ በአማርኛ ሲቆጥሩ አስተማሪዬ በሩሲያኛ ትቆጥር ነበር፤ ሁለቱም አምስት ላይ ቆሙ። ያን ጊዜ እኔም አየሁት። ሰሌዳ ላይ ያልታየኝ ነገር አሸዋው ላይ ቁልጭ ብሎ ታየኝ።

አስተማሪዬ ወደ አባባ ዞራ፣ ሕፃን በማኅፀን ሳለ እጁ መጀመሪያ እንደ መቅዘፊያ ጠፍጣፋ እንደሆነ፣ ኋላ በጣቶቹ መሐል ያለው ሥጋ እየጠፋ ጣት ከጣት እንደሚለይ ነገረቻቸው። የዶልፊን ግን እንደተያያዘ ይቀራል። አባባ መዳፋቸውን ዘርግተው በጣቶቻቸው መሐል ያለውን ቆዳ ተመለከቱ።

"እኔ ሠሪው አንድ ነው እላለሁ" አሏት።

"እኔ ደግሞ ወላጁ አንድ ነው እላለሁ" አለች።

"እንግዲህ ስለ አጥንቱ አንጣላም።"

ስተረጉምላት ከልቧ ሳቀች። በማሪናው ካፌ ሻይ ጋበዘቻቸውና፣ ስለ በሬ ትከሻ ሲያወሩ አንድ ሰዓት ሙሉ ተርጓሚ ሆንኩ።

ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፍኩ። በሚቀጥለው ዓመት አስተማሪዬ አባባን ክፍሏ ጠራቻቸው፤ እኔም ትምህርት እንደጨረሰ ወጣት ሁሉ ጦር ገብቼ ስለነበር፣ ፈቃድ ጠይቄ፣ የወታደር ልብሴን እንደለበስኩ አስተረጎምኩላቸው። አባባ በተማሪዎቹ ፊት የበግ ወርች በቢላዋ ብቻ ፈቱላቸው። ለዚያ ቀን ብለው አዲስ ሸሚዝ ገዝተው ነበር።

አንድ ዓርብ ለእረፍት ቤት ስመጣ ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኩትን መጽሐፍ አነበብኩላቸው። ስለ ፈረስና ስለ አህያ እግር ነበር፤ እያንዳንዱ እግር የሚቆመው በአንድ ጣት ላይ ነው ይላል።

"በቅሎም?"

"በቅሎም።"

አባባ አገር ቤት አንዲት በቅሎ ነበረቻቸው፤ ብዙ ገደል ወጥተውባታል።

"በአንድ አንድ ጣት ነው እንግዲህ የተሸከመችኝ" አሉና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያም፣ "እስቲ ያንን ገጽ ድገሚልኝ" አሉኝ።