አያ ጌጡ ሰርቨሩ ፊት ተቀምጠዋል

ሰው የሚሰደደው በሌሊት ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ከጎንደር የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ከአዘዞ በአውሮፕላን ነው። ቪዛ ይዤ፣ የሥራ ውል ይዤ። ስለዚህ "ስደት" ስል የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ። እምዬ ግን አልሳቀችም፤ ነጠላዋን እንደ ለቅሶ ዘቅዝቃ እስከ አየር ማረፊያው ድረስ ሸኘችኝ።

መኪናውን የሚነዱት አሠሪዬ አያ ጌጡ ነበሩ። አያ ጌጡ የመድኃኒት ጅምላ ነጋዴ ናቸው፤ ዋናው መጋዘናቸው ጎንደር ማራኪ ሰፈር፣ እዚያው መኖሪያ ግቢያቸው ውስጥ ነው፤ ቅርንጫፎቻቸው ደግሞ ደባርቅና ቆላ ድባ። እኔ የሦስቱን ቦታ መዝገብ የሚይዘው የዋናው ኮምፒውተራቸው፣ የሰርቨሩ፣ ኃላፊ ነበርሁ። ሰርቨሩን ያቆምሁት በሊኑክስ ነው፤ ማንም ያለ ክፍያ ሊጭነው የሚችል፣ ውስጡ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሲስተም። ደባርቅ ላይ አንድ ካርቶን ሲወጣ ማራኪ ላይ ወዲያው ይታያል፤ ቆላ ድባ ኢንሱሊን ሊያልቅ ሲል ሰው ሳይደውል እኛ እናውቃለን። ሸጋ ሥራ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ከዚያ ኢንተርኔት ተዘጋ። ለሳምንት መስሎን ነበር፤ ወር ሆነ፣ ወራት ሆነ። መረጃውን በፍላሽ እየገለበጥሁ በሚኒባስ ማመላለስ ጀመርሁ፤ መንገድ ላይ ኮሶዬ ወርደን ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ እንበላና እንደገና ጉዞ። መንገዱ ሲዘጋ ያም ቀረ። ጠዋት እገባለሁ፤ ሰርቨሩ ደህና ነው፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ የሚያናግረው ግን የለም። ያሠለጠንኋት ባልደረባዬ አዲስ አበባ ገብታ ቀረች። እኔም ለሌላ ጉዳይ አዲስ አበባ በሄድሁበት ሰሞን ያመለከትሁበት ሥራ፣ ላይፕዚሽ ከሚባል የጀርመን ከተማ "ነይ" የሚል መልስ አመጣ።

"ሂጅ" አሉኝ አያ ጌጡ ሻንጣዬን እያወረዱ። "ዕድሜሽን ማራገቢያ ስታዳምጭ አትፍጅው።"

"ሰርቨሩስ?"

"እሱማ ምን ይሆናል ብለሽ? እኛው እንጠብቀዋለን።"

ላይፕዚሽ መጀመሪያ የተማርሁት ቃል "ቴርሚን" ነው፤ ቀጠሮ ማለት ነው። እዚህ አገር ያለ ቴርሚን የሚመጣው ብርድ ብቻ ነው። የመኖሪያ ፈቃዴን የሚያየው ሹም የሥራ ታሪኬ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

"እዚህ ጋ ሥራው ለወራት ቆሟል ይላል። ለምን?"

"ኢንተርኔት አልነበረም።"

"ታዲያ ለባለሙያው አይነግሩም?"

"ባለሙያዋ እኔ ነኝ።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ታዲያ ለምን አልጠገኑትም?"

ለዚህ መልስ እንኳን ጀርመንኛዬ፣ አማርኛዬም አይበቃኝም። "ሞክሬ ነበር" አልሁት። እሱም ጻፈው።

አከራዬ ፍራው ሄልጋ ይባላሉ። በረዶው እንደ ጥጥ ሲወርድ መጥተው በሬን አንኳኩ። "ሉፍተን!" አሉኝ። አየር ማስገባት ማለት ነው።

"እንዴ፣ ብርድ ነው እኮ!"

"ለዚህ ነው እንጂ። ማሞቂያውን ዝጊ፣ መስኮቱን ክፈች። ከዚያ መስኮቱን ዝጊ፣ ማሞቂያውን ክፈች። በቀን ሁለት ጊዜ።"

እኛ አገር፣ ደባርቅ እንኳ፣ ከብርድ ጋር ተጣልተን እንኖራለን እንጂ በር ከፍተን ግባ አንለውም። እራቱም ያው ብርድ ነው፤ "አብንድብሮት" ይሉታል፣ ደረቅ ዳቦ በቀዝቃዛ አይብ። ሽሮ እንኳ ብሠራ ጎረቤት ሽታው ምንድን ነው ይላል። ደረጃ ላይ የተገናኘ ሰው "ሃሎ" ካለ ሰላምታው አለቀ፤ ልጁስ፣ ቤቱስ፣ ከብቱስ ደህና ነው የሚል የለም።

ሥራውን ግን አላማርርም። ያው ሊኑክስ ነው፣ ያው ጥቁር ስክሪን። የድርጅቱ ሰርቨሮች በየአገሩ ናቸው፤ አንዱ ሲታመም ስክሪኔ ላይ ቀይ መብራት ይበራል፣ እኔም ከወንበሬ ሳልነሳ አድነዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አያ ጌጡ ደወሉ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰርቨሩ አልነሳም ብሏል። እዚያ ኢንተርኔት ዛሬ ቢኖር ነገ የለም፤ ያን ቀን ደግሞ የለም፣ ከዚህ ሆኜ ልገባበት አልችልም። ድሮ መጠባበቂያ ቅጂው በየዕለቱ አዲስ አበባ ይላክ ነበር፤ መስመሩ ከተዘጋ ወዲህ የተላከ ሙሉ ቅጂ የለም። ዲስኩ ከሞተ፣ በሦስቱም ቦታ የትኛው መድኃኒት የት እንዳለ፣ የትኛው ጊዜው እንዳለፈበት የሚያውቅ አይኖርም።

"ጥቁር ሆኖ ነጭ ጽሑፍ አውጥቷል" አሉኝ።

የመድኃኒት ስም ሲያነቡ ስለኖሩ የእንግሊዝኛ ፊደል አያቅታቸውም፤ አንድ በአንድ ጠሩልኝ። የይለፍ ቃል ነው የሚጠይቀው። ነገርኋቸው።

"እጽፋለሁ፣ ምንም አይታይም!"

"እንደዚያ ነው አያ ጌጡ፣ ይደብቀዋል።"

"ከኔ ከባለቤቱ?"

ገባላቸው። ዲስኩን የሚመረምረውን ትዕዛዝ ፊደል በፊደል አጻፍኋቸው፤ ያጋደለችዋን ጭረት ኪቦርዱ ላይ እስክናገኛት ላብ በላብ ሆንን። ከዚያ ማሽኑ መጠየቅ ጀመረ፦ ይሄ ተበላሽቷል፣ ልጠግነው ወይ? ሁሉንም ባንድ ጊዜ እሺ ማለት ይቻል ነበር፤ ግን ምን እንደተጎዳ መስማት ፈለግሁ።

"ኢ-ኖ-ዴ ይላል። የምን መድኃኒት ነው?"

"መድኃኒት አይደለም፣ የፋይል መዝገብ ነው። ዋይን ይጫኑ።"

"ምን?"

"ዋይ። ፊደሏን፤ እሺ ማለት ነው።"

"ኧረ ምነው በጠዋቱ!" አሉ፤ ግን ተጫኑ። "ደግሞ ጠየቀ።"

"ዋይ ይበሉት።"

"ዋይ! ደግሞ መጣ። ዋይ! ዋይ!..."

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ከፍ እያደረጉ ቀጠሉ። ድንገት በር ሲበረገድ ሰማሁ፤ ሚስታቸው እትዬ ብርቄ ከጓሮ እየሮጡ ገቡ።

"ማን ሞተ? ጌጡ፣ ንገረኝ እንጂ! ማን ነው የሞተው?"

"ማንም አልሞተ፣ ማሽኑ ነው!"

"ስልኩ ላይ ማስተዋል ናት? ልጅቱ ምን ሆነች?"

"ዝም በይ እስቲ! ማስተዋል፣ ይሄኛው ሌላ ነው፣ ረጅም ነው፤ መጀመሪያው ላይ..."

ተቋረጠ።

መልሼ ደወልሁ። የተቀዳችው ሴት "ሊያገኟቸው አይችሉም" አለችኝ። ቅዳሜን ሙሉ፣ እሑድን ሙሉ ደወልሁ። ሰኞ ሥራ ገባሁ፤ ስክሪኔ ላይ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ጎኔ የምትቀመጠው ልጅ "አለስ ጉት?" አለችኝ፣ ሁሉ ደህና? "አለስ ጉት" አልኋት።

ማክሰኞ እምዬ በስንት መከራ በስልክ አገኘችኝ።

"እምዬ፣ አያ ጌጡን አየሻቸው?"

"ትናንት ሄጄ ነበር። ማሽኑ ፊት ወንበር አድርጎ ተቀምጧል። ምነው ስለው፣ 'ሳታስጨርሰኝ ተቋረጠብን፤ እስክትደውል ማንም እጁን እንዳያሳርፍበት' አለኝ። መብራቱ እስካሁን አልሄደም፣ ተመስገን ነው። ምን ልበለው?"

ምን እንደሚጠይቀው ሳላውቅ እሺ በሉት ማለት አልችልም፣ እምቢ በሉትም ማለት አልችልም። አንድ የተሳሳተ መልስ የተረፈውን ሊያጠፋው ይችላል። እሷን ስክሪኑን አንብቢልኝ እንዳልላት የፈረንጅ ፊደል አታውቅም።

"ይጠብቁ በያቸው" አልኋት።

"እሺ፣ እለዋለሁ። አንችስ በልተሻል?"

"በልቻለሁ እምዬ" አልሁ።

"ሃሎ?" አለች እምዬ። "ሃሎ? ማስተዋል? አይሰማም... ሃሎ?"

እኔ እሰማት ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደጋግሜ መለስሁላት፤ እሷ ግን እስኪቋረጥ ድረስ ሃሎ፣ ሃሎ ትል ነበር።