ጣሪያ ላይ የሚጣራ ሰው

ፍሪጅ ሠሪውን ሰፈሩ ሁሉ «ሰማይ ጠጋኝ» ነው የሚለው። ስሙ በከንቱ አልወጣለትም። ከአሮጌ ፍሪጅ በተረፈ የመዳብ ቱቦ አንቴና ሠርቶ፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ርካሽ መቀበያ ገዝቶ፣ ቁልፎቹ በረገፉ ኮምፒውተር፣ በሰማይ ከሚያልፉ ሳተላይቶች የደመና ፎቶ ይለቅማል። «የኛ ፍሪጅ ሳይቀዘቅዝ አንተ ሰማይ ላይ ምን ጣለህ?» ይሉታል ደንበኞቹ። እሱ መቼ ሰማይ ወዶ፤ ባሕር ፈርቶ ነው። ባሕሩ አባቱን በልቷል። ታናሽ ወንድሙ ደግሞ ከአባቱ የወረሰው ያንኑ ባሕርና አንዲት ጀልባ ነው።

ፎቶ መቀበሉ የሁለት ሰው ሥራ ነበር። በቁመቱ «ዘንጉ» የሚባለው ታናሽየው ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን በእጁ ይዞ ሳተላይቷን እየተከተለ ያዞራል፤ ታላቅየው ክፍሉ ውስጥ ኮምፒውተሩ ላይ ያፈጣል። የሳተላይቷ ድምፅ ከኮምፒውተሩ እንደ ግድግዳ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር ዘንጉ ከላይ «ጋሼ፣ ከሰሜን መጣች» ወይም «ከደቡብ መጣች» ብሎ ይጣራል። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ጥሪ ላይ ነው። ፎቶው መስመር በመስመር ስለሚገባ፣ ከሰሜን የመጣችው ቀጥ ያለ ትሰጣለች፤ ከደቡብ የመጣችው ግን የተዘቀዘቀ። ከደቡብ ሲባል ታላቅየው ፎቶውን ያዞረዋል። ከዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠው ደመናውን አይተው፣ ጀልባዋ ወደ ሰሜኑ ማጥመጃ ትሂድ ወይስ ወደ ደቡቡ፣ ይቆርጣሉ።

የዚያን ዕለት መብራት ጠፍቶ የጠዋቷ ሳተላይት አመለጠች። ከሰዓት በኋላ ሌላዋ ስትመጣ ዘንጉ ወደብ ወርዶ በረዶ እየጫነ ነበር። ፍሪጅ ሠሪው አንቴናውን ከውኃ ታንከሩ ጋር በገመድ አስሮ እየሮጠ ወረደ። ፎቶው ግማሹ ተበላሽቶ ገባ። የብሱ ከባሕሩ አይለይም፤ ከላይ በኩል ግን ትልቅ ነጭ የማዕበል ደመና ጥቅልል ተኝቷል። ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ሞተር አስነስቻለሁ። ወዴት ልበል?»

«ሰሜኑ ጥሩ አይደለም። ወደ ደቡብ ውረድ።»

«ዛሬ አንቴናውን ማን ያዘልህ?»

«ታንከሩ።»

«እሱ ከኔ ይሻላል፤ አያጉረመርምም» ብሎ ዘንጉ ስቆ ዘጋው።

ፍሪጅ ሠሪው ሻይ ጥዶ ተመልሶ ሲመጣ ፎቶውን ደግሞ አየው። በታችኛው ጥግ፣ ከጭረቱ መሐል፣ ወደ ባሕሩ የሾለ የብስ ብቅ ብሏል። ወንድማማቾቹ ከልጅነታቸው የሚያውቁት፣ ከሰሜኑ ጫፍ ያለው ሾጣጣ። ታች ምን ይሠራል? ዛሬ ከጣሪያ «ከደቡብ መጣች» ብሎ የተጣራ አልነበረም። ፎቶውን አዞረው። ነጩ ጥቅልል ደቡብ ላይ ወደቀ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ስልኩን ደጋግሞ ሞከረ፤ ዘንጉ መስመር ከሚደርስበት አልፏል። የጀልባዋ ሬዲዮ ደግሞ ለጥገና መጥቶ እሱው ጠረጴዛ ላይ ሆዱ ተከፍቶ ተቀምጧል። ሻዩን እንደተጣደ ትቶ ወደብ ወረደ። ነፋሱ ቀድሞት ደርሶ ጀልባዎቹን እርስ በርስ ያላትማል።

«አንዱን ላወጣ ብዬ እነዚህን ሁሉ አልጨምርም» አለው የጀልባዎቹ አለቃ። «ሲረግብ እንወጣለን። ቻለው።»

የዘንጉ ሚስት ከዓሣ ሚዛኑ አጠገብ ቆማ ነበር። መደበቅ አልቻለም። «ፎቶውን ገልብጬ አይቼው ነው» አላት። «እኔ ነኝ የላክሁት።» ብትሰድበው፣ ብትመታው ይሻለው ነበር። እሷ ግን ነጠላ ጫማዋን እያየች ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ወደቡ ላይ ነፋሱ ረገብ ብሎ ጀልባዎቹ ለፍለጋ ሲነሡ እሷ ቤቱ መጣች። እንደምን አደርህ እንኳ አላለችውም። በመሰላሉ ጣሪያው ላይ ወጣች፤ ገመዱን ፈትታ አንቴናውን ያዘች። ባሏ ሲያደርገው ስታይ ነው የኖረችው። ፍሪጅ ሠሪው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ቀጭ ቀጩ ጀመረ።

«ጋሼ፣ ከሰሜን መጣች» ስትል ሰማ።

ፎቶው ቀጥ ብሎ፣ ጥርት ብሎ ገባ። ሾጣጣው ከላይ፣ በቦታው። እንዲህ ያለ ጥሩ ፎቶ አግኝቶ አያውቅም። የደቡቡ ማጥመጃ ላይ ነጩ ጥቅልል ንቅንቅ ሳይል ተኝቷል። አንድ ከተማ እንደ ነጥብ በሚታይበት ፎቶ ላይ ጀልባ አይፈለግም። እሱ ግን ግንባሩ የኮምፒውተሩን መስተዋት እስኪነካ ተጠግቶ ፈለገ።

«ምን ይታያል?» አለችው ከላይ።

«ደመና ነው፣ እህቴ።»

«ከሥሩስ?»

ሳተላይቷ አልፋ ድምፁ ጠፋ፤ እሷ ግን አንቴናውን ባሏ ወደ ሄደበት ወደ ደቡብ እንዳዞረች ቆማ ትጠብቀው ነበር።