«የት ዋልክ?» የሚሉት አክስቴ

ከዓመታት በፊት አንድ ቀን፣ ፖሊስ በሩ ላይ፣ ወንዱ ልጄ ከአጠገቡ፣ ሴቷ ልጄ ከውሃ ታንከሩ ሥር፣ አክስቴ በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። እኔ ግቢው መሐል ነበርኩ።

ዛሬ አክስቴ ካረፉ አርባ ቀናቸው ነው። አዳማ ቤታችን ሲመጡ ሴቷን «የት ዋልሽ?» ወንዱንም «የት ዋልክ?» ይሉ ነበር። አሁን እንዲህ የሚጠይቅ የለም። እኔ እስቅባቸው ነበር።

«እትዬ፣ ወንድ ልጅ ደግሞ የት ዋልክ ይባላል? ይልቅ እሷን ይቆጡልኝ።»

«ሴት ጨዋ ሆና አትወለድም፤ ጨዋ የምትሆነው የት ዋልሽ የሚላት ስላለ ነው። እሷንማ አንቺው አስረሻታል። እሱን መንግሥት እንዳያስርልሽ!»

ያን ዕለት ፖሊሱ፣ ልጄ ሞተር ሳይክል በመስረቅ እንደተጠረጠረ ነገረኝና «እናቴ፣ ቅዳሜ የት ዋለ?» አለኝ።

ሴቷ ልጄ ቅዳሜ ከዳቦ ቤት በስንት ሰዓት እንደተመለሰች አውቃለሁ። የእሱን አላውቅም ነበር። «አላውቅም» አልኩ።

ልጄን ይዞት ሄደ። አክስቴን ቀና ብዬ አየኋቸው። «ብዬሽ ነበር» ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር። ከበረንዳው ወረዱ፤ የሴቷን ልጄን ግንባር ስመው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።